የእሜቴ ድርጎ

በመቀሌ እህሉን ለጠባቂ በአደራ የሚሰጥ ሰው፣ የሰጠውን ያህል መልሶ እንደማይቀበል ቀድሞ ያውቀዋል። ጠባቂው ስልቻውን ሲያስረክብ «የአይጥ ድርሻ» ብሎ ከአፉ ላይ ዝቅ ያደርጋል፤ ባለ እህሉም አጉረምርሞ፣ የተረፈውን ተሸክሞ ይሄዳል። በእርግጥ አይጥ ትብላው ጠባቂው ይብላው ማን ያጣራል? አይጥ እንደሆን ተጠርታ አትመሰክርም።

ይህን ድርሻ ቀንሳ የማታውቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ ወይዘሮ አስካለማርያም። ስልቻ ሙሉ ከሰጧት ስልቻ ሙሉ ትመልሳለች። አፉን ያሰሩበት ቋጠሮ እንኳ እንዳለ ይቆያቸዋል። በዚህ የተነሣ ከቁሓም ከዓዲ ሓቂም የሚመጣ ገበሬ የሌሎቹን ደጅ አልፎ ዘሩን እሷ ዘንድ ያወርድ ነበር። ሌሎቹ ጠባቂዎች ይህ አልጣማቸውም። «የሸዋ ሴት ድግምት አላት» ብለው ያስወሩም ነበሩ። ድግምት አልነበራትም፤ ድመት ነው የነበራት።

አስካለማርያም አባቷ በሸዋ በአንድ ባላባት ግቢ ድርጎ ሰፋሪ ነበሩ። ለዘበኛው፣ ለካህኑ፣ ለእንግዳው፣ ለበቅሎው ሳይቀር የየዕለቱን ቀለብ የሚሰፍሩ እሳቸው ናቸው። ልጅቱም ከእግራቸው ሥር ያደገችው አንድ ቃል እየሰማች ነው፤ «ድርጎ ይጨመራል፣ ይቀነሳል፤ አይቀርም።» ባሏ ወልደአማኑኤል ከጣሊያን ጦርነት በፊት የመንግሥት ዕቃ ቤት ጠባቂ ሆኖ ወደ መቀሌ ሲላክ ተከትላው መጣች። እሱ በተስቦ ሲሞትባት ዘመዶቿ «ነይ፣ ተመለሽ» ቢሏት፣ «የባሌ አፈር እዚህ ነው» ብላ ቀረች። ልጅ አልወለዱም። የድንጋይ ቤቷን ጓዳ ጠርጋ፣ ግድግዳውን መርጋ፣ የሰው እህል መጠበቅ ጀመረች። ዋጋዋንም የምትቀበለው በእህል ነበር፤ ያውም አዝመራ ሲገባ።

ድመቲቱ የመጣችው ጣሊያን በወጣ ሰሞን ነው። ማንም አላመጣት፣ ማንም አልጠራት። መልኳ አመድማ፣ ደረቷ ነጭ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከሽምብራ ስልቻ ላይ ቁጢጥ ብላ ተገኘች። አስካለማርያም ስትገባ ንቅንቅ አላለችም፤ እንዲያውም «ማን ግቢ አለሽ?» የምትል ትመስል ነበር።

«እንዴት አደሩ፣ እሜቴ» አለቻት አስካለማርያም እጅ ነስታ። ስሟ በዚያው ጸደቀ።

እህል ጠባቂ ሁሉ የሚምልበት አንድ ሕግ አለ፤ ድመት ከጠገበች አይጥ አታይም። አስካለማርያምም ሕጉን ሰምታ መጀመሪያ ላይ ምንም አልሰጠቻትም። እሜቴ ጥቂት ቀን አደነችና ጠፋች። ለካ የተራበ የሚሄደው ሥራ ወዳለበት ሳይሆን ምግብ ወዳለበት ነው! ከብት ከሚታረድበት ሜዳ ከውሾች ጋር ስትሻማ ከርማ፣ ጆሮዋን ተነክሳ ተመለሰች። አስካለማርያም ቁስሏን አጥባ፣ አቅፋ አስገባቻት።

ያን ጊዜ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄደች። ጠዋት ወተት፣ ቀን ፍትፍት፣ ማታ ሳምባ። እሜቴ ብዙም ሳትቆይ እንደ ትራስ ተነፋች። አስካለማርያም አንድ ቀን ወደ ጓዳ ብትገባ፣ አይጥ በእሜቴ ጅራት ላይ ተረማምዳ ስታልፍ አየች። እሜቴ አንድ ዓይኗን ገልጣ አየቻትና መልሳ ጨፈነችው።

«ኧረ እሜቴ፣ ይሄስ ነውር ነው!»

ጩኸቷን ሰምተው የአጥር ጎረቤቶቿ መጡ። ጀላሉ የወሎ ሰው ነው፤ ፍየል እየገዛ ይሸጣል። ሚስቱ ኡሙሰልማም አብራው ነበረች። ጀላሉ የተዘረጋችውን ድመት ሲያይ ሳቁ አመለጠው።

«እትዬ አስካለ፣ ይቺ ፍየል ብትሆን ኖሮ ለአረፋ በገዛኋት ነበር!»

ከዚያ ተንበርክኮ፣ ሰኞ ገበያ ላይ ፍየል ሲገዛ እንደሚያደርገው ፊቱን ወደ ሌላ መልሶ፣ በእጁ ብቻ የእሜቴን ጎን ዳሰሰ። «ዓይን በጠጉር ይታለላል» አለ። «እጅ አይታለልም። ሳይጫኑ ጎድኗን ካገኙት ከስታለች። ተጭነውም ካጡት ሰብታለች። ጥቂት ጫን ሲሉ አንድ ባንድ ከመጣልዎ ደህና ናት ማለት ነው። ይቺማ ጎድንም ያላት አይመስለኝ።»

ኡሙሰልማም ገፋ አድርጋው ዳሰሰች። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ቤት የእጅ ሙያው የሷ ነበር። ጀላሉ ከገበያ የሚያመጣውን ፍየል ሁሉ መጀመሪያ የምትዳስሰው እሷ ናት፤ «ተታለሃል» ካለችው ተታሏል።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አስካለማርያም የአባቷ ልጅ ሆነች። ጣሊያን ጥሎት ከሄደው ኮተት መሐል አንዲት ትንሽ የሳልሳ ቆርቆሮ አገኘችና መስፈሪያ አደረገቻት፤ በጎኗም ላይ በምስማር ጫረችባት። በየሰኞው የእሜቴን ጎን ትዳስሳለች። ጎድኗ ቶሎ እጇ ላይ ከመጣ ከጭረቱ ከፍ ታደርጋለች፤ ከጠፋባት ዝቅ። በጋውን አንድ ዓይነት፣ ክረምቱን ሌላ ዓይነት እያደረገች፣ ስትሳሳትም እያረመች፣ ዓመት ፈጅቶባት ልኩን አገኘችው። ጠዋት ሳምባ በፍትፍት ተለውሶ እስከ ጭረቱ ድረስ ይሰጣል፤ ማታ ምንም የለም። ማታ የሥራ ሰዓት ነው። ስታረግዝ ከጭረቱ ያልፋል፤ ስታጠባ ቆርቆሮው ይሞላል።

መንደሩ ሳቀባት። «ለድመት ድርጎ!» እያለ ሳቀባት። እሷ እቴ!

«ዘበኛ ሳይቀለብ የሚጠብቀው የማን ግቢ ነው?» ትላለች፤ የአባቷንም ቃል ትደግማለች።

እሜቴም አላሳፈረቻትም። ከጓዳው ደፍ አትርቅም፤ የገደለቻቸውንም አይጦች ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ትደረድራለች። የአይጥ ድርሻ የሚባለው ነገር ከዚያ ቤት የጠፋው በዚህ ነው። ሰው አልጋው ላይ ተኝቶ የሚፈርደውን ነገር፣ አስካለማርያም በእጇ ዳስሳ፣ ሰፍራ፣ ታግሣ ነው ያወቀችው። ለድመት ይህን ያህል የተጨነቀ ለሰው አደራ እንዴት ይሆን ብሎ ማሰብ የነበረበት ያ የሳቀ መንደር ነው።

አንድ ችግር ብቻ ነበር፤ ጾም። አስካለማርያም በጾም ወራት ሥጋና ወተት ከደጇ አያልፍም። የጾሙ ዕቃ ሌላ፣ የፍስኩ ዕቃ ሌላ ነው። የሳልሳ ቆርቆሮዋም የፍስክ ዕቃ ናትና ታጥባ ከነጓደኞቿ ትሰቀላለች። ስለዚህ በጾም የእሜቴ ቀለብ ወደ ኡሙሰልማ ይዛወራል። በረመዳን ደግሞ የኡሙሰልማ ምድጃ ቀን ስለማይነድ ቀለቡ ወደ አስካለማርያም ይመለሳል። ክርስቲያኑ ያረደውን ሙስሊሙ አይበላም፣ ሙስሊሙ ያረደውንም ክርስቲያኑ አይበላም። በዚያ መንደር ከሁለቱም በልታ ማንም የማይነቅፋት እሜቴ ብቻ ነበረች። የአስካለማርያም የንስሐ አባት ይህን ሲሰሙ፣ «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» ብለው ስቀው አለፉት።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሠላሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት ግን ፍልሰታና ረመዳን ነሐሴ ላይ ተገናኙ።

በዚያ ክረምት በጓዳው ካሉት ስልቻዎች አንዱ የከፋለ ነበር። ከፋለ ከቁሓ ማዶ ጥቂት የወልካ፣ ጥቁር አፈር፣ መሬት ያለው ገበሬ ነው። ያለፈው ዓመት አዝመራ ከድቶት፣ ለዘር ያተረፈው ያንን አንድ ስልቻ ሽምብራ ብቻ ነው። ሲያስረክባት ስልቻውን ቶሎ አልለቀቀውም።

«ኣደይ ኣስካለ» አላት፣ «ቤቴ ካስቀመጥኩት ልጆቼ ሲያለቅሱ እቆላዋለሁ። ራሴን አላምነውም። ሕድሪ!»

ኣደይ ማለቱ እናቴ፣ ሕድሪ ማለቱ አደራ ነው። አስካለማርያም ይህን ቃል በትግርኛም ቢሆን ለመስማት አስተርጓሚ አያስፈልጋትም ነበር።

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» አለችው። «ዝናቡ ሲቀንስ፣ መሬትህ ለዘር ሲደርስ ና።»

ፍልሰታ ገባ። አስካለማርያም ቆርቆሮዋን አጥባ ሰቀለችና ነጠላዋን ለብሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። በፍልሰታ ቅዳሴው የሚያልቀው ቀኑ ሲጋመስ ነው፤ እሷም ከማለዳ ወጥታ፣ በዝናብ ተደብድባ፣ ተመልሳ ጋደም ትላለች። እሜቴን ኡሙሰልማ ትቀልባታለች። ኡሙሰልማም ረመዳኗን ይዛ፣ በሯን ለዝናቡ ዘግታ ቤቷ ተቀምጣለች። እሜቴን እትዬ አስካለ ይቀልቧታል። ሁለቱም እንደ ሁልጊዜው ነው ያደረጉት፤ ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አስካለማርያም ከቅዳሴ ስትመለስ ከጓዳው የመጫርና የመቆርጠም ድምፅ ሰማች። በቀን ብርሃን! እሜቴ ከደፉ ላይ የለችም። በሩን ስትከፍት ዝናብ ከሜዳ ያባረራቸው አይጦች በየጥጉ ተበተኑ። ሌሎቹ ስልቻዎች ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት አልጋ ላይ ነበሩ፤ ተርፈዋል። የከፋለ ስልቻ ግን ግድግዳ ተደግፎ ነበር። ከሥሩ ተቦድሷል። ሽምብራው መሬት ላይ ፈሷል፤ ግማሹ ገለባ ሆኗል። አስካለማርያም ተንበርክካ ከፈሰሰው እፍኝ ዘግና አየች። ወዲያው ተነሥታ ወደ አጥሩ ሮጠች።

«ኡሙ! ኡሙሰልማ! እሜቴን አየሻት?»

«ኧረ እኔስ ሰሞኑን አላየኋትም። ከእርስዎ ጋር አይደለችም እንዴ?»

«ምን ስትሰጫት ሰነበትሽ?»

«እኔ? ረመዳን አይደለም እንዴ እትዬ አስካለ? በረመዳን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ፍልሰታ ነዋ፣ ልጄ! በጾም አንቺ ነሽ!»

ኡሙሰልማ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ያ ረቢ! ደጄ ላይ ቆማ ስትጮህ፣ እትዬ አስካለ አጥግበዋት ለጨዋታ መጥታ ነው እያልኩ በር እዘጋባት ነበር።»

አስካለማርያም አልተቆጣቻትም። የተቆጣችው በራሷ ነው። ስንት እንደሚሰጥ ለማወቅ ዓመት ሙሉ ስትሰፍርና ስትዳስስ፣ ዘንድሮ ማን እንደሚሰጥ መጠየቅ ረሳች። ድርጎ ይጨመራል፣ ይቀነሳል ያሉት አባቷ አይቀርም ያሉትን መጨረሻ ላይ ያስቀመጡት ዋናው እሱ ስለሆነ ነበር።

ጀላሉ እሜቴን ካራጆቹ ሜዳ አገኛትና በጋቢው ጠቅልሎ አመጣት። እጁን ጎኗ ላይ ሲያሳርፍ ፊቱ ተለወጠ። «ምንም አልቀራትም» አለ። የዚያን ቀን ቆርቆሮዋ ከተሰቀለችበት ወረደች፤ ወደ ቤት ግን አልገባችም። ሁለቱን ግቢ በሚለየው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጠች። ከእንግዲህ እሜቴን የቀለበ ቆርቆሮዋን ይገለብጣል፤ ቀና ብላ ያገኛት ደግሞ ይሰፍራል። ጾሙ የማንም ይሁን የማን።

የከፋለስ? ጀላሉ በቅን ልቡ መከራት። «አይጥ በላው ይበሉታ። ሁሉም የሚለው ነው። አንድ ጊዜ ቢቀንሱ ማን ይታዘብዎታል?»

«ሌላው ሲል አይጥ በልታው ነው» አለች አስካለማርያም። «እኔ ስል ግን እኔ አስበልቼው ነው።»

ለዓመት ቀለቧ ያስቀመጠችው ሽምብራ በጎታዋ ውስጥ ነበር፤ ሽሮዋም፣ ንፍሮዋም፣ ቆሎዋም እሱ ነው። ሰፌድ ይዛ በሩ ላይ ተቀመጠችና ለዘር የሚሆነውን፣ ሙሉውንና ነቀዝ ያልነካውን፣ በጣቷ ትለቅም ጀመር። የተቦደሰውን ስልቻ ጠገነች፤ እስከ አፉ ሞላችው። በጎታው ሥር የቀረው ለድመት ቢበቃ እንጂ ለሰው ቀለብ የሚባል አልነበረም።

ከፋለ ሲመጣ አንድም ሳትደብቅ ነገረችው። እሱም ስልቻውን አየ፣ ጎታውን አየ።

«የአይጥ ድርሻ ነው፤ ይቀነስ፣ ኣደይ» አላት። «ሁሉም ይቀንሳል። በእርስዎ ላይ የሚፈርድ ሰው ማን ነው?»

«ልጆችህ ሲያለቅሱ ያልቆላኸውን ነው ያመጣህልኝ» አለችው። «በል ተሸከም፤ መሬቱ ሳይደርቅብህ።»

ከፋለ ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ ሲል በትከሻው ይዛ አቆመችው። «የቐንየለይ» እያለ፣ እያመሰገናት ሄደ። እሷም በሩ ላይ ቆማ እስኪሰወር አየችው፤ ያን ቀን ደስ ብሏት ዋለች። የተራበ ሰው ደስ ብሎት ሲውል አይታይም ያለ ሰው አስካለማርያምን አላያትም።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ጽጌ ገባ። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ አስካለማርያም ግን ዘንድሮ ያዘችው፤ ያውም አጥብቃ። እህል ሲቀርብላት «ጽጌን ይዣለሁ» ትላለች፤ ቡና ሲሏት «አሁን ጠጣሁ» ትላለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። የእሜቴን ቆርቆሮ ግን አንድም ቀን ቀና እንዳለች አላሳደረቻትም።

በጥቅምት እሜቴ በጓዳው ጥግ ወለደች። ካራጆቹ ሜዳ ባዶ እጇን አልተመለሰችም ነበርና! ኡሙሰልማ ወሬውን ስትሰማ ሳምባ ይዛ ሮጣ መጣች። ሁለቱ ሴቶች አጎንብሰው፣ ዓይናቸውን ያልገለጡትን ፍጥረቶች አዩ። ኡሙሰልማ የእሜቴን ጎን ዳሰሰችና ራሷን ነቀነቀች።

«ቆርቆሮው ይሙላ እንግዲህ» አለች አስካለማርያም። «አጥቢ ናት።»

ይህን ብላ ቀና ስትል ጓዳው ዞረባት። ኡሙሰልማ ዘላ ጎኗን ደገፈቻት።

እጇ እዚያው ቆመ። አስካለማርያም ያን እጅ ታውቀዋለች። ጣቶቹ ሳይጫኑ፣ በቀሚሷ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብለው ወረዱ። የሚፈልጉትን ወዲያው አገኙት።

«ጽጌ ነው እኮ» አለች አስካለማርያም ቶሎ ብላ። «የጽጌን ጾም ይዤ ነው።»

«ጾም እኔም አውቃለሁ፣ እትዬ አስካለ» አለች ኡሙሰልማ። «ጾምማ ማታ ይፈታል። የእርስዎን ምን ይፍታው?»

ሄዳ የጎታውን ክዳን አነሣች። ወደ ውስጥ አየች፤ መልሳ ከደነችው። ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ ሰኞ ነበር። ከቀትር በኋላ ኡሙሰልማ አጥሩ ላይ ብቅ ብላ ጣባ አቀበለቻት። ትኩስ ሽሮ ነው፤ ከላዩ ቂጣ ተደርቦበታል። አስካለማርያም እጇን ሳትዘረጋ ቆመች።

«ድስቱ አዲስ ነው» አለች ኡሙሰልማ። «አሁን ከገበያ ነው የገዛሁት፤ ጣባውንም ጭምር። ሥጋም ቅቤም አይነካቸውም፤ ከቤቴ ዕቃ ለይቼ አስቀምጣቸዋለሁ። ለእርስዎ ብቻ ናቸው።»

«ኡሙ፣ ልጆች አሉሽ እኮ። ደግሞ ይሄ ብዙ ነው።»

«ልኩን የነገረኝ እጄ ነው፤ እጅ አይታለልም። እንዳየሁት እየጨመርኩ፣ እየቀነስኩ እሰጥዎታለሁ። አይቀርም ግን። የማን ቃል ነበር?»

የአስካለማርያም አባት ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ ቃላቸውን ከሷ ሌላ የሚያስታውስ ሰው በምድር ላይ ያለ አይመስላትም ነበር። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ጣባውን ተቀብላ ደፏ ላይ ቁጭ አለችና በላች፤ ጠርጋ በላች። ከዚያ አጥባ፣ ወደ አጥሩ ሄዳ፣ ከእሜቴ ቆርቆሮ አጠገብ ገልብጣ አስቀመጠችው። አዲሱ እህል እስኪገባ ድረስ በዚያ አጥር ላይ በየቀኑ ሁለት ዕቃ ተገልብጦ ይታይ ነበር።